ግራኙ ያላሰራት መንጠቆ

መስከረም 20

ለዋርሳዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል። ፈጣሪ ከክፉ በሽታና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ። ክፉ ጎረቤቱን ለሁለታችንም እኔ ተሸክሜዋለሁና አንተ በሽታውን ብቻ ተጠንቀቅ።

ትናንት ጠዋት በሬን ማን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? የካፒቴኑ ሚስት! አዎ፣ የዚያ በሦስት ጀልባ እንግዳ ዓሣ እያስጠመደ ራሱን ካፒቴን ያሰኘ ሰውዬ ሚስት። ወንድምህ ከተቀበረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለለቅሶ እንኳን ደጄን አልረገጡም። አሁን ግን ትልቁን ዓሣ የሚያታልሉበት፣ ባለ መንጠቆ የእንጨት ዓሣ የሞላበት ከረጢት ተሸክማ በሬ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ እሱ ነው የላከኝ» አለች። «እንግዶቹ ትልቅ ትልቁ ዓሣ እያመለጣቸው አስቸገሩን። መንጠቆውን በብረት ቀለበት ማንጠልጠሉ አልሆነልንም። እንደ ድሮው በተገመደ ክር እሰሪልን።»

«ድሮ የሚያስርላችሁ ማን ነበር?» አልኳት።

ጫማዋን አየች። እኔም ጫማዋን አየሁ። አዲስ ነው።

ግራኙ ወንድምህ ይል የነበረውን ታስታውሳለህ። ዓሣ ብረት ካገኘ ተደግፎ፣ ጠምዝዞ መንጠቆውን ይተፋዋል። ክር ግን ዓሣው በዞረበት ይዞርለታል፤ እሺ እሺ የሚል ነገር ላይ ጉልበት አይሠራም። ይህን ለካፒቴኑ ያስተማረው እሱ ነው። በኋላ የሆዷ መንጠቆ ዓሣ ሲጎትታት ተፈትታ፣ የእንጨቷ ዓሣ ወደ ጀልባው ተስፈንጥራ፣ በጭራዋ መንጠቆ የእንግዳ ዓይን ስታጠፋ ደግሞ «ክር ያመጣብኝ ግራኙ ነው፣ ያሰራትም ግራኙ ነው» ብሎ የመሰከረው ካፒቴኑ ነው። ባሌ «ያቺን እኔ አላሰርኳትም» እንዳለ፣ ስሙ በማኅበሩ የጥፋተኞች መዝገብ ላይ ሳለ ሞተ።

ከረጢቱን ተቀበልኩ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። እዚህ ያለው ክር ሲረጥብ ይላላልና ካንተ ዘንድ ላክልኝ። ኮላም ጨምርበት።

የወንድምህ ሚስት

ጥቅምት 11

በእናቴ ቦታ ላለሽው ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ እስከ ጓዳሽ ይድረስ። ፈጣሪ ያንቺን ጉልበት ይማር፣ የጠላትሽን ይስበር።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ፊቴን አይታ አለቃዬ «ሰው ሞቶብህ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ዓመት ሆነው» አልኳት። ትከሻዬን መታ አድርጋ ሄደች።

እትዬ፣ ለእሱ ታስሪለታለሽ? እኔ ቀኑን ሙሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሼ ባለ ሦስት ጣቱን መንጠቆ በክር ሳስር እውላለሁ። ወንድሜ ባያስተምረኝ ኖሮ እዚህ አገር መጥረጊያ ነበር የምይዘው። በእያንዳንዱ ቋጠሮ እሱን አስታውሳለሁ። በእያንዳንዱ ቋጠሮ የካፒቴኑን አንገት አስባለሁ።

እሺ፣ ከተቀበልሽ አይቀር አሳምረሽ እሰሪለት። ሁለት ጥቅል ክር ልኬልሻለሁ። ነጩ ደህና ነው። አረንጓዴውን ግን የባትሪ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድሬዋለሁ። ሲያዩት ምንም አይልም፤ ከባድ ዓሣ ሲስበው ግን እንደ አሮጌ መጋረጃ ይተረተራል። የካፒቴኑን በአረንጓዴው እሰሪ። ዓይን ለዓይን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንደሠራሽው ቶሎ ጻፊልኝ። ቀን እየቆጠርኩ ነው።

ዋርሳሽ

ታኅሣሥ 28

ለዋርሳዬ፣

ዘገየሁብህ። ደህና ነህ ወይ? ብርዱ እንዳይጎዳህ፤ ወንድምህ ደረቱን ያመመው በእንዲህ ያለው ወቅት ነበር።

አረንጓዴውን ክር ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ሸተተኝ እንጂ አልቆጨኝም። የማጥመጃውን ዘንግ የሚይዘው ካፒቴኑ መሰለህ? እሱ የሚይዘው ሞተሩን ነው። ዘንግ የሚይዘው የሰው አገር ሰው ነው፤ አንዳንዴም ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ። የሩቅ ሰው ቂም ምቹ ነው፤ ፖስታ ቤት ደርሶ ይመለሳል። እኔ ግን ዳቦ የምገዛው ከካፒቴኑ ጋር ተሰልፌ ነው።

ይቅር ያልኩ እንዳይመስልህ። ከረጢቱን የተቀበልኩት እጁን፣ አስተሳሰሩን ለማየት ነው።

ከብረት ቀለበቱ ሥር የቀረውን አሮጌ ክር ቆርጬ ከመጣሌ በፊት እያንዳንዱን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ግማሹ የግራኙ ነው፣ ግማሹ የካፒቴኑ። ግራኙ በግራው ስለሚሠራ ጥምጥሙ ወደ ግራ ይዞራል። ሰባቴ ይጠመጥማል፣ በምራቁ ያረጥበዋል፣ ኮላ ጠብ ያደርግበታል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንደ መስተዋት ስለተማርኩ የእኔ ወደ ቀኝ ነው። የካፒቴኑም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ግን ሦስቴ ብቻ ያዞርና ደረቁን ይጎትተዋል። ምራቁንም ይሰስታል።

አሁን ስማኝ። ያ ዓይኑ የጠፋው እንግዳ የጥርስ ሐኪም ነበር። የሚኖረው አንተ ያለህበት ከተማ ነው። መርማሪዎቹ የእንጨቷን ዓሣ ሰጥተውት ይዟት እንደሄደ ያረፈበት ሆቴል ዘበኛ ነግሮኛል። ፈልገህ አግኘው። የሆዷ ክር ወደየት እንደሚዞር እይልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አረንጓዴ ነገር ደግመህ እንዳትልክልኝ።

እትዬ

የካቲት 30

ለእትዬ፣

እግዜር ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ስትቆጪኝ የድሮው ቤታችን ትዝ አለኝ። ተቀብያለሁ፣ ይበቃኛል።

ሐኪሙን አገኘሁት። መጀመሪያ ቀን የማን ወንድም እንደሆንኩ ስነግረው በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። እውነቱን ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩና በተዘጋው በር «ወንድሜ ሞቷል፤ የመጣሁት ይቅርታ ልለምን አይደለም፣ አንድ ክር ለማየት ነው» አልኩት። ከፈተው።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። አንዱ ዓይኑ የመስታወት ነው። ጥርስ መንቀል ትቷል፤ በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ሻይ ሲቀዳልኝ ጣቱን የኩባያው ጠርዝ ላይ አድርጎ ነው።

ዓሣዋን ከመሳቢያ አወጣት። የጭራዋ መንጠቆ፣ ያቺ ዓይኑን ያጠፋችው፣ እንደታሰረች አለች። ሰባት ዙር፣ ወደ ግራ፣ ኮላው ማር መስሏል። የወንድሜ እጅ ነው። እትዬ፣ ወንድሜ ጎበዝ ሠራተኛ ባይሆን ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሆዷን ገለበጥኩ። መንጠቆዋ ተንሸራታ ሄዳለች፤ ጥምጥሙ ግን እንደተጨማደደ ቀርቷል። ሦስት ዙር። ወደ ቀኝ። ጠብታ ኮላ የለበትም።

ሁለቱን አንድ ላይ አሳየሁት። በአጉሊ መነጽር ደጋግሞ አያቸው፤ ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስረግም የኖርኩት ማንን ነው?» አለኝ።

«የሞተ ሰው» አልኩት።

ጀልባዎቹ እንግዳ መጫን ሲጀምሩ እመጣለሁ ብሏል። ዓሣዋን ይዞ። አንቺ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ እዚህ እንቅልፍ የለኝም።

ዋርሳሽ

ሚያዝያ 17

ለዋርሳዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለሐኪሙም ይሁን። የላክኸው ሰው መጣ።

የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የገባው። ካፒቴኑ ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙን ሲያይ እግሩን አወረደ። ሐኪሙ ዓሣዋን በሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና የነገርከውን አንድ በአንድ ተናገረ።

ካፒቴኑ ግን ቀላል ሰው አይደለም። ብድግ አለና «ወደ ቀኝ የሚያስረው እኔ ብቻ ነኝ? ሚስቱም በቀኟ ነው የምታስረው! ባሏን ለማገዝ እሷ አስራት ይሆናል» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሊቀመንበሩ አዛውንት ነው፣ ነገር ያውቃል። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» አለና ክርና መንጠቆ አስመጣ። «ሁለታችሁም እሰሩ» አለን።

እኔ አሰርኩ። ካፒቴኑም አሰረ። እየተጠነቀቀ ነበር፤ ግን እጅ የለመደውን አይረሳም። ሦስት ዙር ጠመጠመና ደረቁን ጎተተው። ሊቀመንበሩ የኔን ሳበ፣ ያዘ። የእሱን ሳበ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። ከዓሣዋ ሆድ ጎን አስቀመጠው። መንታ ናቸው።

«የዚያን ቀን ጠዋት ክሩ ተበልቶ አየሁት» አለ ካፒቴኑ ወለሉን እያየ። «እንግዳው ቸኩሎ ነበር። ግራኙ እስኪመጣ ለመጠበቅ ሰነፍኩና ራሴ አሰርኳት።»

ሰነፍኩ! አንድ ቃል። ባሌ በዚያች ቃል ሞተ።

የግራኙ ስም ከጥፋተኞች መዝገብ ወጣ። የካፒቴኑ ፈቃድ ታገደ። እንደገና እንግዳ መጫን የሚችለው ማሰር ተምሮ፣ ችሏል ብሎ ባለሙያ ሲፈርምለት ነው። «ባለሙያው ማነው?» አለ አንዱ። ሊቀመንበሩ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

እትዬ

ሚያዝያ 29

እትዬ! እትዬ!

እልል ብያለሁ፤ የጎረቤት ሰው ግድግዳዬን ደበደበ። እጅሽን ፈጣሪ ይባርከው። ወንድሜ ዛሬ ገና ተቀበረ።

እንዴት ሆነ? ደጅሽ መጣ? ፊቱ ምን ይመስላል? ጣቱን ይብላ። ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ዋርሳሽ

ሰኔ 15

ለዋርሳዬ፣

ደህና ነኝ። ይመጣል።

በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ባርኔጣውን በሩ ላይ አውልቆ። በግራኙ ወንበር፣ በግራኙ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ። እኔ አልናገርም። አንዴ አስሬ አሳየሁት፣ በቃ። እሱ ያስራል፣ እኔ የጠጠር ባልዲ አንጠለጥልበታለሁ፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል። በመቀስ ቆርጬ እጥለዋለሁ። «ድገም» እለዋለሁ። ከዚያች ሌላ ቃል የለኝም።

መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድ ነበር። «የትምህርት ቤት ልጅ አደረግሽኝ እኮ እትዬ» ይላል። ድገም። አንድ ቀን መንጠቆው አውራ ጣቱን በሳው፤ ጫፉ በሌላ በኩል ወጣ። ቆርጬ አወጣሁለት፣ በአልኮል ጠረግኩለት። አመሰግናለሁ ሲል ድገም አልኩት። አሁን ቀልድ ትቷል።

ሚስቱ መጣች። ያ ጫማ አርጅቷል። «አንዷን ጀልባ ሸጥን» አለችኝ። «ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ? እግርሽ ላይ ይውደቅ?»

«ማሰር እንዲችል» አልኳት።

ውሸት አይደለም። ገና አልቻለም። ከችኮላው ነው፤ ሰባቱን ዙር ሳይጨርስ አእምሮው ሐይቁ ላይ ይደርሳል። ቸኩሎ ባሌን ገደለ፤ ቀስ ብሎ ይማር። እኔ የምሄድበት የለኝም።

እትዬ

ሐምሌ 24

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ሰላምሽ እንደ ክረምት ውሃ ይብዛልሽ።

ደብዳቤሽን ለአለቃዬ ተርጉሜ ነገርኳት። እየሳቅኩ ነበር የጀመርኩት። ጣቱ ጋ ስደርስ እሷ አልሳቀችም፣ እኔም ተውኩት። «አንድ ደደብ እንኳ በሦስት ሳምንት ይማረዋል» አለችኝ። እኔ ራሴ ከወንድሜ በሁለት ሳምንት ነው የተማርኩት።

የጥርስ ሐኪሙ ደውሎልኝ ነበር። እሱም ስለ ካፒቴኑ ጠየቀኝ። «እኔ የፈለግኩት እውነቱን ነው፣ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ያቺ ሴት ግን ምን ፈልጋ ነው?»

እትዬ፣ አሲድ የላክሁልሽ እኔ ነኝ፤ እኔ ይህን ለመናገር አፍ የለኝም። ግን ሲችል ትፈርሚለታለሽ አይደል? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

ዋርሳሽ

ነሐሴ 30

ለእትዬ፣

አልመለስሽልኝም። ከዚያ የመጣ አንድ የአገር ሰው ባቡር ጣቢያ አግኝቶኝ ነበር። ሁለተኛዋም ጀልባ ተሸጠች አለኝ። ካፒቴኑ በየቀኑ ወደ አንቺ ቤት ሲሄድ ሰው መንገድ እየለቀቀለት ነው አለኝ፣ እንደ አስከሬን። አንቺም ከቤት አትወጪም፣ ከማንም ጋር አትቀመጪም አለኝ።

ወንድሜ እንዲህ አላስተማረንም። ሲሳሳት እጄን ይዞ ነበር የሚያስተካክለኝ። ይብቃሽ። ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ለአንቺ ብዬ ነው።

ጻፊልኝ።

ዋርሳሽ

መስከረም 9

ለዋርሳዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አዲሱ ዓመት ከአሮጌው ይሻልህ። ሁለቱም ደብዳቤህ ደርሶኛል። አልተቀየምኩህም። ወንድምህ እጅህን ይዞ ያስተማረህ ወንድሙ ስለሆንክ ነው። ይህ ሰውዬ ወንድሜ አይደለም።

ጠይቀኸኛልና እውነቱን እጽፍልሃለሁ፤ ለሌላ ሰው የምነግረው የለኝም።

ሰኞ ዕለት መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተቀመጠ። ከከንፈሩ እርጥበት ወስዶ ክሩን አረጠበው። ሰባት ጊዜ አዞረ፤ እያንዳንዱን ዙር ከቀደመው ጎን ሳይደርብ አስተኛው። ሳበው፤ ሳይቸኩል፣ ሳያጣድፈው። ኮላውን ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ያኔ ፈራሁ፤ ምን እንደፈራሁ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ባልዲውን ሰቀልኩበት። ያዘ። ጠጠር ጨመርኩበት። ያዘ። ሄጄ ምሳዬን በልቼ፣ ሳህኔን አጥቤ ተመለስኩ፤ ባልዲው እንደተንጠለጠለ ነው። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ቅንጣት አልተንሸራተተም። ግራኙ ቢኖር «ይሁን» ይለው ነበር።

የማኅበሩ ወረቀት መደርደሪያው ላይ ነው፤ ብዕሩም አጠገቡ ነው። ካፒቴኑ ወደዚያ አላየም። ባልዲውን ነው የሚያየው።

«ያዘ አይደል እትዬ?» አለኝ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነው።

ባልዲውን አወረድኩ። መቀሱን አነሳሁና ቆረጥኩት።

«አልያዘም» አልኩት።

እንደያዘ ያውቃል። እንደማውቅም ያውቃል። ሊጮህብኝ ይችል ነበር፤ ማኅበሩ ሄዶ ሊከሰኝም ይችል ነበር። እኔም ያንን ስጠብቅ ነበር። «ያቺን እኔ አላሰርኳትም» ብሎ የጮኸውን ባሌን ማን ሰማው? እሱን ግን ይሰሙት ይሆናል፤ አፉን ቢከፍት። አልከፈተም።

ደስ አለሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ደስታ አይደለም። ግን ቤቴ ከእሱ ሌላ የሚመጣልኝ ሰው የለም፤ ይህንንም ለማንም አልሰጥም።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከጥቅሉ ሌላ ክር መዘዘ።

ነገም ይመጣል።

የወንድምህ ሚስት